መቆም የከለከልናቸው

ባለፈው ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወልድያ ወዳለው ቤቴ መጣች። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የደም ግፊት እያጠናች መሆኗን ነገረችኝና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ አነበበችልኝ። መሳተፍ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ደስ ካላለኝ መሐል ላይ መተው እንደምችል፣ በመተዌም ምንም እንደማይደርስብኝ ይናገራል። አንብባ ስትጨርስ «ፈቃደኛ ነዎት፣ እማማ?» አለችኝ። እሺ ልላት አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። ልጅቷ ደንግጣ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች። ክንዴን ዘረጋሁላትና ለካችኝ፤ ግፊቴም ከፍ ብሎ ተገኘ። ያስለቀሰኝን ሳልነግራት ሸኘኋት። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ነርስ ነበርኩ። ደሴ ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ወልድያ፣ ድንገተኛ ታማሚ የሚቀበል ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ከታማሚው ትንፋሽ ይልቅ የአንሶላው ጫፍ በትክክል መታጠፉን የምታይ ሴት ነበረች፤ ከእሷ የተማርኩት አንሶላ ማጠፍ ነው። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም። በደርግ ጊዜ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው መዋጮው ከደመወዙ ቀድሞ ይደርስ ነበር። የውይይት ክበብ ላይ ደጋግሜ በመቅረቴ ተገምግሜ ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን ሥራዬን የተማርኩት መርሳ ላይ ነው። ያስተማረኝም ዶክተር ደምሰው ነው።

ዶክተር ደምሰው ከወልድያ በላንድሮቨር እየተመላለሰ የሚያክም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ ሰው ነበር። ታማሚ ከመንካቱ በፊት እጆቹን አፋትጎ ያሞቃል። ቆሞ ቁልቁል እያየ አያናግርም፤ ወይ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ከታማሚው ዓይን ጋር ያስተካክላል። በታማሚው ራስጌ ቆመን ስለ ታማሚው እንድናወራ አይፈቅድም ነበር። ከሁሉ በላይ የሚጠላው ቃል «ደህና ነው» የሚለውን ነው። የአልጋ ሰባቱ እንዴት ነው ሲለኝ «ደህና ነው» ካልኩት፣ «ደህና ማለት ምን ማለት ነው ሲስተር?» ይለኛል። የልብ ምቱን፣ የከንፈሩን ቀለም፣ የእጁን ሙቀት፣ ስሙን ስጠራው ቶሎ መመለስ አለመመለሱን መናገር ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን እኔም የምሰማው «ደህና ነው» አልበቃ ብሎኝ ራሴው መጠየቅ ጀመርኩ።

በዚያን ዘመን መርሳንና አካባቢዋን የያዛት በሽታ የሚያገረሽ ትኩሳት ነበር። እኛ ባጭሩ ግርሻ እንለዋለን። በቅማል ይተላለፋል፤ ሰው ተጨናንቆ፣ ልብስ ሳይቀይር በሚያድርበት ቦታ ሁሉ አይጠፋም። መድኃኒቱ ይታወቃል። አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል የታማሚው ሰውነት የሚናወጠው መናወጥ ነው። መጀመሪያ ብርድ ይመጣል፤ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፣ አልጋው ከሰውየው ጋር ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ትኩሳቱ ይነድዳል፤ ይቃዣል። በመጨረሻ ላብ ያጠምቀዋል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ታማሚው ፈገግ ብሎ ተሽሎኛል ይላል። የሚያሰጋው ያ ሰዓት ነው። ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ ደም ወደ ጭንቅላቱ የሚደርሰው በጀርባው እስከተኛ ድረስ ብቻ ነው። ከቆመ ይወድቃል። ከወደቀበት የማይነሳም አለ።

ይህን ያወቅነው በአንድ በርበሬ ነጋዴ ሞት ነው። መርፌውን ከተወጋ በኋላ ተንቀጥቅጦ፣ አልቦ፣ ሲጨርስ ቀልድ ሁሉ ጀምሮ ነበር። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ግድግዳውን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ አልመለሰውም። ዶክተር ደምሰው አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ ብዙ ቆየ። በማግስቱ ሊጀምር ስላሰበው ጥናት ነገረኝ። ማወቅ የፈለገው በትንሽ መጠን የሚወጋው ፔኒሲሊን ይሻላል ወይስ የሚዋጠው ቴትራሳይክሊን፣ የትኛውስ ሰውን ሳያንገላታ ያድናል የሚለውን ነበር። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ቀን ሙሉ በጀርባው ይተኛል፤ ሽንቱንም እዚያው አልጋው ላይ። መነሳት ለሁሉም የተከለከለ ነው።

ዋና ከተማ ያሉት አለቆቹ ፈቀዱለት። ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ተሰጠን። አጸዳነው፤ ጠፍር አልጋ ደረደርንበት። ታማሚ ሲመጣ ጠጉሩን እንላጫለን፣ ልብሱን ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ እንቀቅላለን፣ የጣቱን ደም ወስደን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ጀርሙ ከታየ የታሸገ ፖስታ እንከፍታለን። የትኛውን መድኃኒት እንደሚያገኝ የሚወስነው ፖስታው ነው፤ እኔም ሆንኩ ዶክተሩ መምረጥ አንችልም። ለዚህኛው አዝኜ ያኛውን ልስጠው ማለት ጥናቱን ማበላሸት መሆኑን ደጋግሞ አስረዳኝ። ከዚያ በኋላ ሥራው መቀመጥ ነው። ከብርዱ እስከ ላቡ መጨረሻ ድረስ ታማሚው አጠገብ ተቀምጠን ምቱን በጣታችን እየተከታተልን፣ አሁን ልትንቀጠቀጥ ነው፣ አትፍራ፣ ያልፋል እያልን። ሰው ሲነገረው መንቀጥቀጡ እንኳ የሚቀል ይመስለኝ ነበር።

በዚሁ መሐል ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ከሀብሩ ገጠር የተሰበሰቡ ወጣቶች ሲሪንቃ አካባቢ መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ ታጭቀው መኪና ይጠብቁ ጀመር። ግርሻው ከነሱ መሐል ገባ። እየተንገዳገዱ፣ አንዳንዱም በጓደኛው ጀርባ ታዝሎ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። አብሯቸው የሚመጣው ጠባቂ ጥናት ውስጥ ለማስገባት የታማሚውን ፈቃድ እንደምንጠይቅ ሲሰማ ሳቀ። «ፈቃድማ እኛ ሰጥተናችኋል» አለ። ዶክተሩ ግን አንዱንም ሳይጠይቅ አላለፈም።

ይመር ሙሄ የሚባል የግራና ገበሬ ሲጠየቅ አጠገቡ ነበርኩ። ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፍ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዶክተሩ ቁጢጥ አለለት።

«ይመር፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለን። ሁለቱም በሽታህን ያጠፉታል። የትኛው ሰውን ብዙ እንደማያንገላታ ግን ገና አላወቅንም። የምታገኘውን የሚወስነው ይህ ፖስታ ነው። አልፈልግም ካልከኝ እኔ የለመድኩትን እሰጥሃለሁ፤ አልጋህም አስታማሚህም ያው ነው። ምን ትላለህ?»

ይመር ፖስታውን አየው። «ዕጣ ነው በሉኛ» አለ።

«አዎ፣ ዕጣ ነው።»

«ገበሬ ማኅበሩም ዕጣ ወጣብህ ብሎ ነው ያመጣኝ። ትወዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።» «እሺ። ይህኛውን ወድጄ ነው።»

ፖስታው ሲከፈት ፔኒሲሊን ሆነ። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ነበር፤ በዚያ ቀን ከእሱ ጋር መድኃኒት የጀመሩ ሌሎችም ምልምሎች ነበሩ። ብርዱ ሲይዘው እጄን ሊሰብረው እስኪደርስ ጨበጠኝ፤ በቁርአን ቃል እየጸለየ በመሐሉ «አብሽሪ እህቴ» ይለኛል፤ እኔን ማጽናናቱ ነው። ትኩሳቱ አልፎ ላቡ ሲጀምር ስለ አባቱ በሬዎች አወራኝ። አንደኛው በሬ ሰነፍ መሆኑን፣ አባቱ ግን ከጎበዙ ይልቅ ሰነፉን እንደሚወድ። ምቱ ፈጣንና ቀጭን ነበር። እንዳይነሳ ነገርኩት።

መኪኖቹ የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ሻምበል ወታደሮች አስከትሎ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ፊቱ አቧራ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደው ምልምል ጎድሎበታል፤ ያሉትን ሁሉ ይዞ እንዲሄድ ታዟል። ዶክተር ደምሰው በሩ ላይ ተቀበለውና እስከ ነገ እንዲጠብቅ ለመነው። ነገ ራሱ በመኪናው እንደሚያመጣቸው ቃል ገባለት። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ አንዱን ግንባሩን ዳሰሰው።

«ጓድ ዶክተር፣ ይህ ሰው ትኩሳት የለውም።»

«ትኩሳቱ የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። አሁን ቆሞ ከሄደ ይሞታል። የሚገድለው መቆሙ ነው።»

ሻምበሉ ይህን ያመነ አልመሰለኝም። ማን ያምናል? እሳት የመሰለ ትኩሳት የለቀቀው ወጣት፣ ላቡን እየጠረገ፣ በነቃ ዓይን እያየህ፣ ቢቆም ይሞታል የሚል ሐኪም። ለውትድርና እንዳይሄዱ የተፈጠረ ዘዴ መሰለው። ዶክተሩ በሩን አልለቅም ሲል ወታደሮቹን ጠራቸውና አብዮቱን ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ነገረው። አንዱ ወታደር የዶክተሩን ክንድ ያዘ። ሌላኛው ወደ እኔ መጣ።

ይመር ያኔ ተነሳ። «ተዋቸው ጌታው» አለ። «እነሱን ተዋቸው። እኔ ደህና ነኝ።»

ጎትቼ ላስተኛው ሞከርኩ፤ ወታደሩ ገፈተረኝ። የይመርን መነሳት ያዩት ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ሁሉም ደህና ነኝ እያሉ ወጡ። ከበርሜሉ የወጣ እርጥብ ልብሳቸውን ከአጥሩ ላይ እያነሱ፣ የተላጨ ጭንቅላታቸውን ፀሐይ እየመታው፣ ከመኪኖቹ አንዱ ላይ ተሳፈሩ። መኪናው ከሲሪንቃ ባመጣቸው ሞልቶ ነበርና የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም።

ዶክተሩ እንደለቀቁት ላንድሮቨሩን አስነሳና ተከተልናቸው። ያገኘናቸው ወልድያ መግቢያ ኬላ ላይ ቆመው ነው። ዶክተሩ ከኋላ በኩል መኪናው ላይ ወጥቶ በሰው መሐል እየተሽሎከለከ ስም ይጠራ ጀመር። እኔ ከታች ሆኜ የይመርን ስም ሰምቻለሁ፤ መልስ ግን አልሰማሁም። ይመር ቆሞ ነበር። በግራም በቀኝም ምልምሎች ስለተጠጋጉት መውደቂያ ቦታ አላገኘም። ራሱ የአጠገቡ ልጅ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሏል። ዶክተሩ አንገቱን ሲዳስሰው ልጁ፣ «እንቅልፍ ወስዶት መስሎኝ ነው የደገፍኩት» አለ።

ሁለት ሰው አወረድን። ይመርንና ከውርጌሳ የመጣ ስሙን እንኳ በደንብ ያልያዝኩትን አንድ ዝምተኛ ልጅ። መሬት ላይ ስናስተኛቸው ሻምበሉ መጥቶ አየ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ከእኛ የወሰዳቸውን ሌሎቹን አውርዱ ብሎ አዘዘና መኪናው ያለ እነሱ ሄደ። የወረዱትን መንገዱ ዳር ዛፍ ሥር በጀርባቸው አስተኛናቸው። ሁሉም ተረፉ። ሻምበሉን የሚያስረግመኝና የማያስረግመኝ ይኸው ነው። ሁለት ሰው ሳይሞት ቃላችንን ቢያምነን ምን ነበረበት እላለሁ። ሁለቱ ከሞቱ በኋላም ባያምን ኖሮ ደግሞ ምን ይውጠን ነበር?

አስከሬኖቹ በዚያው ቀን ወልድያ ተቀበሩ። ለግራና ገበሬ ማኅበር የተነገረው ይመር መርሳ ላይ ሲታከም ሞተ ተብሎ ነው። እኛም ሌላ ነገር እንዳንናገር ተጠርተን ተነገረን።

ጥናቱ ቀጠለ። በዓመቱም አለቀ። ያገኘነው መልስ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ የማምነው ነው። በትንሽ መጠን የተወጉት መንቀጥቀጣቸው ይቀላል፤ በሽታው ግን ቶሎ ይመለስባቸዋል። ቴትራሳይክሊን የዋጡት ይበልጥ ይናወጣሉ፤ በሽታው ግን አይመለስባቸውም። ሁለቱም በጀርባቸው እስከተኙና ሰው አጠገባቸው እስካልተለየ ድረስ ይድናሉ። ዶክተር ደምሰው ይህን ጽፎ ወደ ዋና ከተማ ሄደ። ሲመለስ መርሳ መጣና አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። አለቆቹ የሁለቱን ነገር እንዲያወጣ ጠይቀውታል። የጤና ጥናት ስለ ወታደር መኪና አያወራም ብለውታል። በመጨረሻ የተስማሙት ይመርና የውርጌሳው ልጅ «ክትትሉን ያቋረጡ» ከሚባሉት ጋር እንዲቆጠሩ ነው።

«ያቋረጡ?» አልኩት።

«እንዲያ ካልጻፍኩ ጥናቱ በሙሉ ይቀበራል፣ ሲስተር። አንድም ጤና ጣቢያ አይደርስም። ሌላው ሰው እንዲተርፍበት ብዬ ነው።»

«እነሱ አላቋረጡም፣ ዶክተር። ይመር ወድጄ ነው ብሎዎታል።»

ትክክል ሊሆን እንደሚችል ያኔም አውቅ ነበር። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ደህና ማለት ምን ማለት ነው እያለ ቃል በቃል ያስጠየቀኝ ሰው፣ ለሞት ያንን ስም መስጠቱን መቀበል አቃተኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ደቡብ ተዛወረ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ሥራ ይዣለሁ ብዬ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማሁት ነገር የለም። የተጻፈው መመሪያ ግን እሱ እንዳለው መጣ፤ ታማሚው አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋው እንዳይነሳ ይላል። ማን እንዳገኘው አይልም።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ሽማግሌ ከግራና በቃሬዛ መጡ። ደማቸው ሲታይ ግርሻ ነበር። ስማቸውን ስጠይቃቸው ሙሄ አሉኝ፤ የይመር አባት መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። መድኃኒቱን ሳቀርብላቸው እጃቸውን አሸሹ።

«ልጄን የገደለው የእናንተ መርፌ ነው» አሉ። «አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔን ያመጡኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እኔ ልምጣ አላልኩም። ተይኝ ልጄ፣ እቤቴ ልሙት።»

የተሸከሟቸውን ጎረቤቶች ውጭ እንዲጠብቁ አደረግኩ። በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናውን፣ ሻምበሉን፣ ኬላውን። ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ምን እንደሚያመጣ የደርግን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ለምን ተነሳ ታዲያ? አትነሳ ካልሽው?» አሉኝ።

«ወታደሮቹ እኛን ሲይዙን አይቶ ነው፣ አባቴ። እነሱን ተዋቸው ብሎ ነው የተነሳው።»

ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ብዙ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉልኝና ስጪኝ አሉ። መድኃኒቱን ሰጥቻቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብርዱም፣ ትኩሳቱም፣ ላቡም በየተራው መጣ። እሳቸው አንድም ጊዜ ልነሳ አላሉም። ዳኑ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ለሰዉ ምን ልበል?» አሉኝ።

«የነገርኩዎትን ይበሉ።»

አሰቡ። «እንዲያ ካልኩ ያ ወሬ ሳይውል ሳያድር ካድሬው ጆሮ ይደርሳል፤ አንቺን ይወስዱሻል። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰዉ መርፌሽን እንደፈራ ይቀራል። እኔም ስለዳንኩ አላህ ማረው ይሉ ይሆናል እንጂ መርፌው ማረው አይሉም።» እንደ ልጃቸው ዓይናቸው ቀጥ ብሎ የሚያይ ሰው ነበሩ። «ዝም እላለሁ ልጄ። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። እኔም ሳልያዝ፣ ከሥራዬ ሳልባረር ደርግ እስኪወድቅ መርሳ ሠራሁ፤ ከዚያም ወልድያ ተመልሼ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ከግራና ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች ግን ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ መጋዘኑ የሚመጣ የግርሻ ታማሚ እያነሰ ሄደ። በሽታው አላነሰም። በገበያ ቀን ከዚያ የሚመጡትን ስጠይቅ፣ እገሌ በትኩሳት አለፈ፣ እገሊት በትኩሳት አለፈች ይሉኝ ነበር። ለምን አላመጣችኋቸውም ስላቸው እርስ በርስ ተያይተው ዝም ይሉኝ ነበር። ዝም ያሉት መርፌውን ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እውነቱን ግን አልነገርኳቸውም።